ሶፋው ከኬንት ወጥቶ ሲያትል ገባ፤ 8 ዶላር ከ50 ሳንቲሙስ?

አንድ ሰው በ2008 አጋማሽ ላይ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ሶፋ ገዛ እንበል። ሶፋው የተቀመጠው በዋሽንግተን ግዛት፣ ኬንት በምትባል ከተማ ባለ የቤት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ገዢው የሚኖረው ከዚያ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲያትል ነው። ሠራተኞቹ ሶፋውን በጭነት መኪና አምጥተው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው ያወጡለታል፤ ደረሰኙንም ይሰጡታል። የሽያጭ ታክስ፦ 90 ዶላር። ጁን 30 ቢገዛ 90 ዶላር ነው፤ በማግስቱ ጁላይ 1 ቢገዛም ያው 90 ዶላር ነው። በሁለቱም ከተሞች ጠቅላላው የታክስ ልክ 9 በመቶ ስለነበር ገዢው በዚያች አንድ ሌሊት ውስጥ ምን እንደተለወጠ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ከ90 ዶላሩ 65ቱ የግዛቱ ነው። 15 ዶላር ያህሉ ለአውቶቡስ፣ ለባቡርና ለሌሎች አካባቢያዊ ጉዳዮች ይሄዳል። የቀረችው 10 ዶላር የከተማና የካውንቲ (ብዙ ከተሞችን የሚያቅፍ የአስተዳደር ክልል) ድርሻ ናት፤ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲሙን ካውንቲው ሲወስድ 8 ዶላር ከ50 ሳንቲሙ ለከተማ ይቀራል። ለየትኛው ከተማ? እስከ ጁን 30 ድረስ ለኬንት ነበር። ከጁላይ 1 ጀምሮ ለሲያትል ሆነ። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ያችን 8 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው።

ዋሽንግተን ስል ዲሲን ሳይሆን በምዕራቡ ጠረፍ ያለችውን ግዛት ማለቴ ነው። ዓመታቱም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገር ቤት ላደገ ሰው ነገሩ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሞያሌም ሆነ ሁመራ 15 በመቶ ነው፤ ዕቃው ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ ብሎ ልኩን የሚያሰላ ነጋዴ የለም። ዋሽንግተን ውስጥ ግን 281 ከተሞችና 39 ካውንቲዎች አሉ፤ በግዛቱ ልክ ላይ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ስለዚህ ማንኛውም ሽያጭ «የት ተፈጸመ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ሻጭና ገዢ ባንኮኒ ላይ ተገናኝተው ዕቃና ገንዘብ ከተለዋወጡ መልሱ ቀላል ነው። ዕቃው በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ግን ሁለት መልስ ይኖራል፤ አንዱ መነሻው፣ ሌላው መድረሻው። ዋሽንግተን ለአሥርት ዓመታት መነሻውን ስትከተል ኖራ ነው በ2008 ወደ መድረሻው የዞረችው።

አንዲት ሳንቲም ለምን ይህን ያህል እንደምታጣላ ለመረዳት ወደ 1930ዎቹ መመለስ ያስፈልጋል። የግዛቱ ሕዝብ በ1932 የገቢ ግብር እንዲጣል ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1933 ሕጉን ሻረው። የኢኮኖሚው ድቀት በበረታበት በዚያ ዘመን ካዝናው ባዶ ነበረና በ1935 የሽያጭ ታክስ በ2 በመቶ ተጀመረ። የ10 ሳንቲም ዕቃ ለሚገዛ ሰው 2 በመቶ አንድ ሳንቲም እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ግዛቱ መሐሉ የተበሳ ትንሽ የአሉሚኒየም ሳንቲም ለታክስ ብቻ አሠርቶ አከፋፈለ። ሰዎች ከሳንቲም የሚያንሰውን ታክስ በእነዚያ ብስ ሳንቲሞች እየከፈሉ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ። ልኩ እያደገ ሄዶ በ1983 6.5 በመቶ ደረሰ፤ የግዛቱ ድርሻ ዛሬም እዚያው ላይ ነው። ከተሞችና ካውንቲዎች የራሳቸውን መጨመር የጀመሩት በ1970 ነው። ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር በሌለበት ግዛት ከንቲባው ፖሊስ የሚቀጥረውም፣ አስፋልት የሚጠግነውም በዋናነት ከሽያጭ ታክስና ከንብረት ታክስ ነው።

የኬንት ሸለቆ ታሪክ ደግሞ የሰላጣ ታሪክ ነው፤ ቀልድ አይደለም። የግሪን ወንዝ በየጊዜው እየሞላ ያጥለቀልቀው የነበረ ጥቁር ለም መሬት ነበርና ከተማዋ በሰላጣ እርሻዋ ትታወቅ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሃዋርድ ሃንሰን ግድብ ከላይ ሲሠራ ጎርፉ ቆመ። ሜዳው ደልዳላ ነው፤ ሁለት ወደቦች፣ የባቡር ሐዲድ፣ አውራ ጎዳናና አውሮፕላን ማረፊያ ቅርቡ ናቸው። ቦይንግ የጠፈር ማዕከሉን እዚያ ተከለ፤ ጨረቃ ላይ የተነዳችው መኪና የተሠራችው ኬንት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ መጋዘን በመጋዘን ላይ ተደረደረ። ከኬንት ሌላ ኦበርን፣ ተክዊላና ሬንተን፣ ከካውንቲው ወሰን ማዶም ሰምነርና ፋይፍ በዚሁ ሸለቆ ተሰልፈዋል። ከሲያትል የቤት ኪራይ ሽሽት ወደ ደቡብ የወረዱ ብዙ የእኛ ሰዎች አሁን የሚኖሩት በእነዚሁ ከተሞች ነው። በሸለቆው መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሳጥን ያላነሣ ዘመድ የሌለው ሐበሻ በዚያ አካባቢ ማግኘት ያስቸግራል።

እነዚህ ከተሞች ከመጋዘኑ ጋር ያልተጻፈ ውል ነበራቸው። የጭነት መኪና አስፋልት ይበላል፤ መገናኛ መብራት፣ ሰፊ መታጠፊያ፣ ጠንካራ ድልድይ ይፈልጋል። ወጪውን የሚችለው ከተማው ነው። በምላሹ ከዚያ መጋዘን ተጭኖ የትም የግዛቱ ክፍል የሚደርስ እያንዳንዱ ፍሪጅ፣ ምንጣፍ፣ የቢሮ ወንበር ከ100 ዶላሩ 85 ሳንቲም ለከተማው ያስገባለት ነበር። ኬንት ለአንድ ትውልድ ያህል መንገዷን ያነጠፈችው፣ መሬቷንም ለመጋዘን የከለለችው ይህን ታሳቢ አድርጋ ነው።

ታዲያ ምን ተገኘና ይህ ተነካ? ጣጣው የመጣው ከግዛቱ ውጭ ነው። በ1992 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩዊል በተባለ የጽሕፈት ዕቃ ሻጭና በሰሜን ዳኮታ መካከል በነበረው ክርክር፣ በግዛቱ ውስጥ ሱቅ፣ ሠራተኛ ወይም መጋዘን የሌለው ሻጭ የሽያጭ ታክስ ሰብስቦ እንዲያስገባ ግዛቱ ሊያስገድደው አይችልም ሲል ወሰነ። ከሩቅ ያዘዘው ገዢ ራሱ የአጠቃቀም ታክስ ብሎ መክፈል አለበት፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። ከፋዩ ግን የት አለ? ለግዛቶቹ ይህ ታክስ «ላም አለኝ በሰማይ» ነበር። ያኔ ጉዳዩ የካታሎግና የፖስታ ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ ቀዳዳው በር ሆነ።

ፍርድ ቤቱ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የግዛቶቹ ሕግ እጅግ የተለያየ በመሆኑ ለሩቅ ሻጭ ከባድ ሸክም ነው የሚል ነበር። ግዛቶቹም ይህን ሰበብ እናንሣ ብለው ከ2000 ጀምረው መከሩ፤ በኖቬምበር 2002 የተሳለጠ የሽያጭ ታክስ ስምምነት የሚባለውን አጸደቁ። አንድ ዓይነት ትርጉም፣ አንድ ዓይነት ቅጽ፣ አንድ ዓይነት አሠራር። ደንባችንን ካቀለልን ሻጮች በፈቃዳቸው ይመዘገባሉ፤ ኮንግረሱም አንድ ቀን ያስገድድልናል የሚል ተስፋ ነበራቸው። የአባልነቱ አንዱ ቅድመ ሁኔታ ታክሱ በመድረሻ እንዲሰላ ነበር። አመክንዮው ይገባል፦ ሻጩ ከግዛቱ ውጭ ከሆነ መነሻው ምንም አይጠቅምም፤ ያለው መድረሻው ብቻ ነው። ለውጭው ሻጭ መድረሻ፣ ለአገሬው ሻጭ መነሻ ብሎ ሁለት ደንብ መያዝ ደግሞ ስምምነቱ ለማስቀረት የሞከረው ዝብርቅርቅ ነው።

ዋሽንግተን ከስምምነቱ አብዛኛውን በ2003 ተቀብላ የመድረሻውን ነገር ሳትነካ አለፈችው። ምክንያቱ የሸለቆው ከተሞች ናቸው። ለእነሱ ሐሳቡ ሲተረጎም፣ መኪናው በእናንተ አስፋልት ላይ መመላለሱን ይቀጥላል፣ ታክሱ ግን ሶፋው ወደሚቀመጥበት ሳሎን ይሄዳል ማለት ነው። የበይ ተመልካች መሆን ማለት ይኸው ነው። ከንቲባዎቹና የምክር ቤት እንደራሴዎቻቸው ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ኦሊምፒያ እየተመላለሱ ለዓመታት አገዱት።

በሌላ ወገን የቆሙት ግን ክፉዎች አልነበሩም፤ ይህን መናገር ይገባል። መኖሪያ ቤት እንጂ መጋዘን የሌላቸው እንደ ሳማሚሽ ያሉ ከተሞችና የገጠር ካውንቲዎች ነዋሪዎቻቸው የሚከፍሉት ታክስ ተሰብስቦ ወደ ሸለቆው ሲፈስ ኖሯል። የእነሱም ጥያቄ ፍትሐዊ ነው። ገንዘቡን ያወጣው ሰው የሚኖርበት ሠፈር እሳት አደጋ መኪና አያስፈልገውም? እኔ ሁለቱን አስተያይቼ ያዘነበልኩት ወደ መድረሻው ነው፤ ታክሱን የሚከፍለው ገዢው እንጂ መጋዘኑ አይደለምና። ነገር ግን አንድ ከተማ በወጣ ሕግ ተማምኖ ሠላሳ ዓመት ከገነባ በኋላ ሕጉን ሲለውጡበት ኪሣራውን ማን ይሸከማል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የዋሽንግተን ጉዳይ ለጥናት የሚመቸው ግዛቱ ይህን ጥያቄ ሳይሸሽ በመመለሱ ነው። ቢያንስ መጀመሪያ ላይ።

በ2007 አገረ ገዥ ክሪስቲን ግሬጎር የፈረሙት ሕግ ለውጡን ከማካካሻ ጋር አያይዞ አወጀ። የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ ከጁላይ 1 ቀን 2008 በፊትና በኋላ የእያንዳንዱን ከተማ ገቢ እያነጻጸረ የደረሰበትን ኪሣራ ያሰላል፤ ግዛቱም በየሦስት ወሩ ከራሱ ካዝና ይከፍላል። ከዚህ ላይ፣ ስምምነቱን ተከትለው በፈቃዳቸው ከተመዘገቡ የሩቅ ሻጮች ለከተማው የገባለት ታክስ ይቀነሳል። በሌላ አነጋገር የኢንተርኔቱ ገንዘብ እየጨመረ ሲሄድ ማካካሻው እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ሁለቱ ይገናኛሉ ተብሎ ታሰበ።

ለነጋዴው ለውጡ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ሲያትል ያለች አንዲት የሐበሻ ዕቃ መደብርን እናስብ። እንጀራው ከታክስ ነጻ ነው፤ የቤት ውስጥ ምግብ በ1977 በሕዝብ ውሳኔ ከሽያጭ ታክስ ወጥቷል። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ መሶቡ ግን ታክስ አለባቸው። ደንበኛዋ መጥታ ጀበናውን ይዛ ከሄደች የሲያትል ልክ ይሠራል፤ ቤቷ የትም ይሁን። ያው ጀበና በፖስታ ወደ ስፖኬን ከተማ ከተላከ ግን የስፖኬን ልክ ይሠራል፤ ከሲያትል ያንሳል። ባለ መደብሩ ቀድሞ በታክስ ማስታወቂያው ቅጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሞላ ነበር፤ የሲያትል ኮድ 1726 ነውና እሱን ጽፎ ይገላገላል። አሁን ኬንት 1715፣ ተክዊላ 1729፣ ሬንተን 1725 እያለ ዕቃ የላከበትን ሁሉ በየኮዱ መለየት አለበት።

አድራሻም ያታልላል። ስካይዌይ የሚባለው ሠፈር ፖስታው ላይ «ሲያትል» ተብሎ ይጻፋል፤ ነዋሪውም ከተጠየቀ ሲያትል ነኝ ይላል። ሠፈሩ ግን በማንኛውም ከተማ አስተዳደር ሥር አይደለም፤ በቀጥታ የካውንቲው ነው። በፖስታ ኮድ ብቻ የሚሠራ ነጋዴ የካውንቲውን ገንዘብ ለሲያትል ያስገባል። ለዚህ ሲባል መሥሪያ ቤቱ ትክክለኛው አድራሻ ሲገባበት ልኩንና ኮዱን የሚያወጣ መፈለጊያ በድረ ገጹ ላይ አዘጋጀ፤ መፈለጊያው ቢሳሳት ተጠያቂው ነጋዴው እንዳይሆን ሕጉ ከለላ ሰጠ። ለትንንሽ ነጋዴዎች ለማሻሻያ ወጪያቸው እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ የአንድ ጊዜ የታክስ ቅናሽም ተፈቀደ።

የሳንቲም ማጠጋጋቱም በስምምነቱ ወጥ ሆነ። ታክሱ እስከ ሦስተኛው የአስርዮሽ ቦታ ይሰላል፤ ሦስተኛው አሃዝ ከ4 ከበለጠ ወደ ላይ ይጠጋጋል። ሻጩ ከፈለገ በየዕቃው፣ ከፈለገ በጠቅላላው ደረሰኝ ላይ ያሰላል። በ9 በመቶ ልክ ሦስት ሲኒ እያንዳንዱን በ1 ዶላር ከ95 ሳንቲም የሸጠ ሰው በየዕቃው ካሰላ 54 ሳንቲም፣ በጠቅላላው ካሰላ 53 ሳንቲም ይመጣለታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የ1935ቱ ብስ ሳንቲም የልጅ ልጅ ናት ይህች አንድ ሳንቲም።

ልዩ ሁኔታዎችም ቀርተዋል። መኪና፣ ጀልባና አውሮፕላን በመነሻ ይሰላሉ፤ አበባ ሻጮችም እንዲሁ። ለቀብር አበባ የሚልክ ሰው ትእዛዙን በተቀበለው አበባ ቤት አድራሻ ይከፍላል። የጭነት መኪና ሙሉ ፍሪጅ ያጣችው ኬንት እቅፍ አበባዋን አስቀርታለች።

ለውጡ ሁሉም ቦታ እንዲህ አልሄደም። ካንሳስ በ2003 ቀድማ ገብታ ከትንንሽ ነጋዴዎቿ ብርቱ ተቃውሞ ገጠማት። ኦሃዮ ጀምራ ለአገር ውስጥ ሻጮቿ ወደ መነሻው ተመለሰች። ዋሽንግተን የጸናችው ማካካሻው ተቃዋሚዎቿን ስላለዘበ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱ መስመሮች ይገናኛሉ የተባለው ግን ለሸለቆው አልሠራም። በፈቃዳቸው የተመዘገቡት ሻጮች ያመጡት ገንዘብ በመላው ግዛት እንደ ነዋሪው አሰፋፈር ይበተናል፤ ኬንት የሚደርሳት የኬንት ሰዎች ያዘዙት ብቻ ነው። ያጣችው ግን ግዛቱ በሙሉ ከእሷ መጋዘኖች ሲያዝዝ የነበረውን ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማካካሻው ለኬንት በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

በ2017 የግዛቱ ምክር ቤት ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ ሲያፈላልግ በኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ሕግ አወጣ፤ እንደ አማዞን ያሉ ገበያዎች በመድረካቸው ላይ ሌሎች ነጋዴዎች የሚሸጡትን ዕቃ ታክስ እንዲሰበስቡ፣ አለበለዚያ የገዢዎቻቸውን ዝርዝር እንዲያሳውቁ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ አስገደደ። አማዞን መሥሪያ ቤቱ እዚያው ሲያትል ስለሆነ በራሱ ዕቃ ላይ ቀድሞም ይሰበስብ ነበር፤ ያመለጠው የሦስተኛ ወገን ሻጮቹ ነበር። በዚሁ ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማካካሻው በኦክቶበር 1 ቀን 2019 ያበቃል አለ። አዲሱ ገቢ ክፍተቱን ይሞላል የሚል ነበር ምክንያቱ።

ከዚያ ጁን 21 ቀን 2018 መጣ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደቡብ ዳኮታና ዌይፌር በተባለው የቤት ዕቃ ሻጭ ክርክር በ5 ለ4 ድምፅ የኩዊልን ውሳኔ ሻረ። ግዛቶች ሱቅ የሌለውንም ሻጭ ማስገደድ ቻሉ፤ ዋሽንግተንም ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለችው። ፍርድ ቤቱ ደቡብ ዳኮታ የስምምነቱ አባል መሆኗን እንደ በጎ ነጥብ ጠቅሶታል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ስምምነቱን ፈጽሞ ያልፈረሙት ካሊፎርኒያና ቴክሳስም በፍርዱ ተጠቅመው የሩቅ ሻጮችን ታክስ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ለአገር ውስጥ ሽያጫቸው ግን በአመዛኙ መነሻን እንደያዙ ናቸው። ኬንት የከፈለችውን ዋጋ የሎስ አንጀለስ ዳርቻ የመጋዘን ከተሞች አልከፈሉም፤ ጥቅሙ ግን ለካሊፎርኒያም እኩል ደረሰ። በ2007 ኦሊምፒያ የነበሩት ሕግ አውጪዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ በ2017 ማካካሻውን የቆረጡት ግን ቢያንስ የኬንትን ሒሳብ ደብተር ገልጠው ማየት ይችሉ ነበር።

ኬንት ውስጥ በዚያን ጊዜ «ገደሉ» ስለሚባል ነገር ይወራ ነበር። ማካካሻው ሲቆም፣ ከተማዋ በ2010 ፓንተር ሌክ የሚባለውን ሠፈር ስትጠቀልል ግዛቱ ለአሥር ዓመት የሰጣት ድጎማም በ2020 ያልቃል። ሁለቱ ተደምረው በአንድ ወቅት ከበጀቷ ይጎድላሉ። ከተማዋ ከ2013 ጀምሮ በድርጅቶች ጥቅል ገቢ ላይ፣ በመጋዘኖች ላይ ደግሞ በወለል ስፋታቸው የሚሰላ የንግድ ታክስ ነበራት፤ መነሻ ምክንያቱም የመንገድ ጥገና ነበር። ምክር ቤቱ በ2018 ይህን ታክስ ከፍ አደረገው። ዕቃው ሲሄድ ታክሱም አብሮ የሚሄድ ከሆነ፣ የማይሄደው ወለሉ ነው፤ ከተማዋም ወለሉን ያዘች።

ግዛቱ በ2021 ነገሩን እንደገና አይቶ ለመጋዘንና ለማምረቻ ከተሞች የሚውል ሌላ ክፍያ በሕግ አቆመ። ይህኛው ዘላቂ እንዳልሆነ ገና ከጅምሩ ተጽፎበታል፤ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄዶ በ2026 እንዲያበቃ ተወስኗል። የጭነት መኪኖቹ ቁጥር ግን በየዓመቱ እንዲቀንስ የሚያዝ አንቀጽ የለም፤ ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ከኬንት መጋዘኖች በር ላይ ተሰልፈው ወደ ሰሜን ይወጣሉ።